ሥነ አእምሮ የሚሠለጥኑ ሬዚደንቶች ራሳቸውን ሲከላከሉ የሚሠሯቸው ስህተቶች

አእምሮ የሚያስጨንቅ ስሜትን፣ ብዙ ጊዜ ሳናውቀው፣ የሚያርቅባቸው መንገዶች የመከላከያ ስልቶች ይባላሉ። በእነሱ አጠቃቀም ከሁሉ የከፋው ስህተት የሚታየው ታካሚ ራሱን ባጠፋ ማግስት ነው። ሬዚደንቱ (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) ሞርኒንግ ላይ፣ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ ቆሞ የታካሚውን ተጋላጭነት ይዘረዝራል፦ ዕድሜ፣ የቀድሞ ሙከራ፣ መጠጥ፣ ከዋርድ ከወጣ ስንት ቀኑ። ድምፁ ስለማይንቀጠቀጥ ሲኒየሮቹ «ጠንካራ ልጅ ነው» ይላሉ። «አንተስ እንዴት ነህ?» ሲባል ስለ መድኃኒቱ መጠን ይመልሳል። ስሜትን በንድፈ ሐሳብ መሸፈን የምንለው ይህንን ነው። ለአንድ ቀን ክፋት የለውም፣ ዱቲ (ተረኝነት) ያስጨርሳል። ሲሰነብት ግን በሥራ ላይ ይወጣል። አንዱ ራስን ስለ ማጥፋት የሚጠየቀውን ጥያቄ መዝለል ይጀምራል፣ ወይም ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ሌላው ወደ ቤቱ መሄድ የሚችለውን ሁሉ ሆስፒታል ያስተኛል፣ የመድኃኒት መጠን ይጨምራል። ፍርሃቱ አንድ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ቀጣዩ ታካሚ ነው።

በዚያው ቀን ለሚያምኑት አንድ ባልደረባ፣ የታካሚውን ካርድ ሳይዙ፣ የሆነውን መናገር ያስፈልጋል። የሞቱ ሕክምናዊ ግምገማ ለብቻው፣ የስሜቱ ውይይት ለብቻው ይሁን፤ ሲቀላቀሉ ሐዘንተኛው ተከሳሽ ይሆናል። ለተወሰኑ ሳምንታትም ታካሚ የማስወጣት ውሳኔ ከሲኒየር ጋር ይወሰን። ሐዘን የደረሰበትን ጎረቤት ብቻውን አንተውም፤ ታካሚ የሞተበትን ሬዚደንት ግን ለቅሶ የሚደርሰው የለም። እባካችሁ፣ ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ንዴትን ማዛወርን ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ይገልጸዋል። ሞርኒንግ ላይ ተግሣጽ የደረሰበት ሬዚደንት ተመላላሽ ክፍል ገብቶ፣ ልጇን ከጸበል ያመጣችውን እናት «እስካሁን የት ነበራችሁ?» ብሎ ይቆጣል። እናትየዋ ሁለተኛ አትመጣም፤ መድኃኒቱ ይቋረጣል፣ ልጁም ታስሮ ይመለሳል። ከሞርኒንግ ወጥቶ የመጀመሪያውን ታካሚ ከመጥራት በፊት አምስት ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያም «የተናደድኩት በማን ነው?» ብሎ ራስን መጠየቅና ሰውየውን በስም መጥራት ይጠቅማል።

ጫት ላይ ምክንያት መደርደር በዝቷል። ለዱቲ መንቂያ ይባላል። በእርጥቡ ቅጠል ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ስለሚሠራ በእርግጥ ያነቃል። ከምርቃናው በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ጨብሲ ይከተላል፣ በነጋታው ድብርቱ ይጠብቃል። ቀን ላይ የታካሚን የጫት ታሪክ በጥንቃቄ ሲጽፍ የዋለ ሰው ማታ ለራሱ ሌላ ሕግ ያወጣል። የሚያረጋጋውን መድኃኒት ዲያዜፓምን ለራስ መጻፍ ደግሞ በፍጹም አይደረግም።

ቀልድ ከበሰሉት (ጤናማ ከሚባሉት) የመከላከያ ስልቶች ይመደባል፤ ታካሚው ቢሰማው የሚያቆስለው ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ስሜትን እያወቁ ማቆየትም የበሰለ ነው፣ ቀጠሮ እስካለው ድረስ፦ «ዱቲው ሲያልቅ አስብበታለሁ» ብሎ በእርግጥ ማሰብ።

ታካሚን የማይወዱ መሆንን ከመቀበል ይልቅ በደግነት መሸፈንም አለ። የግል ስልክ መስጠት፣ የታክሲ መክፈል፣ ከቀጠሮ ውጭ ማየት። ንዴቱ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ ሬዚደንቱም ታካሚውን ይተወዋል።

መጠይቅ ሞልቶ በራስ ላይ መፍረድ ይቅር። ዲኤስኪው 40 የሚባለው የመከላከያ ስልቶች መጠይቅ 40 ጥያቄ አለው፤ 20 ስልቶችን በሁለት ሁለት ጥያቄ፣ ከ1 እስከ 9 በሚሄድ ነጥብ ይለካል። ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ትርጉም የለውም፤ የበሰሉት፣ በመካከል ያሉት ኒውሮቲኮቹና ያልበሰሉት ለየብቻ ይታሰባሉ። ደግሞም ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚሞላው፤ መከላከያ ግን በዋናነት የሚሠራው ሳይታወቅ ነው።

የሚገመግምን ሰው የራስ ሐኪም ማድረግ ሌላው ስህተት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሬዚደንቶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ሙያው ገና ጠባብ ስለሆነ አስተማሪው፣ ፈታኙና ምስጢረኛው አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ለራስ ሕክምና ከፕሮግራሙ ውጭ ያለ ሰው ይፈለግ። ለሥራው ደግሞ ሐኪሞች ስለ ታካሚና ሐኪም ግንኙነት የሚወያዩበት የባሊንት ቡድን ይበቃል፦ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰው፣ የሚቆየውም ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። አንዱ ያስጨነቀውን ታካሚ በቃሉ ይተርካል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሌሎቹ ታካሚውና ሐኪሙ ምን እንደተሰማቸው ይገምታሉ፤ ምክር አይሰጥም፣ መድኃኒት አይነሳም። ካርድ ይዞ የመጣ ካለ በር ላይ ያስቀምጠው።