ሮቨራችሁን ቶሎ አፈር አስነኩት

ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ እርሻው የሚጀምርበት ቦታ አለ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ስድስት ጎማ ያላት ትንሽ መኪና አፈር ላይ ስትንፏቀቅ፣ ከኋላዋ ደግሞ አምስት ስድስት ወጣት ላፕቶፕ ታቅፎ ሲከተላት ካያችሁ የእኛ ልጆች ናቸው። እኔም ተማሪ እያለሁ እንደነሱ ነበርኩ፤ አሁን የማግዛቸው ጊዜ ሳገኝ ነው። በየዓመቱ አዲስ ቡድን ይመጣና "የሮቨር ውድድር ልንገባ ነው፣ ከየት እንጀምር?" ይለኛል። ሮቨር ማለት እንደ ማርስ ያለ ፕላኔት ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚሠራ፣ ከርቀት የሚነዳ መኪና ነው። መልሱ ረዘም ስለሚል አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

በቅድሚያ ስለ ውድድሩ። በዚህ ዘርፍ ስሙ በሰፊው የሚነሳው ዩኒቨርሲቲ ሮቨር ቻሌንጅ ነው። አዘጋጁ ማርስ ሶሳይቲ ሲሆን፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጀምሮ አሜሪካ ዩታ በረሃ ውስጥ ሃንክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይካሄዳል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ፖላንድ ላይ የሚደረገው የአውሮፓ ሮቨር ቻሌንጅ አለ፤ እሱ በ2014 ነው የተጀመረው። ሁለቱም ጋ ተማሪዎች ማርስ ላይ ጠፈርተኛን ሊረዳ የሚችል ሮቨር ሠርተው ይመጣሉ። ከፖላንድ፣ ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከቱርክ ብዙ ቡድን ይሳተፋል። ባንግላዴሽን ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው። እነሱም እንደኛ ዕቃ ከውጭ አስመጥተው፣ ጉምሩክ ጠብቀው፣ ቪዛ ተሰልፈው ነው የሚሄዱት።

ደንቡን አውርዳችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። ለአንድ ሰው ብቻ አትተዉት፣ ሁላችሁም አንብቡት። በየዓመቱ ስለሚቀየር ያምናውን ይዛችሁ እንዳትጀምሩ። ዩታ ላይ ለአንድ ተልዕኮ የሚሰለፈው ሮቨር ከ50 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሥራው አራት ዓይነት ነው፦ አፈር መርምሮ የሕይወት ምልክት መፈለግ፣ ዕቃ ፈልጎ ማድረስ፣ በሜካኒካል ክንድ መሣሪያ መነካካት፣ እና ያለ ሹፌር በራሱ መንገዱን ማግኘት። ምዝገባው ኅዳር አካባቢ ነው። የካቲት ማለቂያ ላይ ሮቨሩ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮና ሪፖርት ይላካል፣ ፍጻሜው ግንቦት ማለቂያ አካባቢ ይደረጋል። ከመቶ በላይ ቡድን ተመዝግቦ ለፍጻሜ የሚያልፈው ከሠላሳ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። ብዙ ቡድን የሚቀረው በቪዲዮው ነው። ስለዚህ የእናንተ የመጨረሻ ቀን የካቲት ነው፤ ግንቦትን እርሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ጀማሪ ቡድን መስከረም ላይ ተሰብስቦ ኮምፒውተር ላይ ቆንጆ ዲዛይን ይሠራል። ከዚያ ሞተር ያዝዛል። ሞተሩ ሦስት ወር ይቆያል። ጥር ላይ ሲደርስ ይገጣጠማል፣ የካቲት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈር ይነካል፣ ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይበላሻል። እንዲህ አታድርጉ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ውስጥ መልኩ የማያምር፣ ግን የሚሄድ ነገር ሥሩ። ምናለሽ ተራ ሂዱ። ቱቦላሬ፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎንና ዳዶ፣ የማትፈልጉትም ጭምር ሁሉም አለ። ለሞተር የአሮጌ መኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ግዙ። በ12 ቮልት ይሠራል፣ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ጉልበት አለው። ከባድ ስለሆነ ለውድድሩ አይሆንም፣ ለመማሪያ ግን ግሩም ነው። የሰፈራችሁን በያጅና ቶርኖ ቤት ከአሁኑ ተወዳጁ፤ ሥዕሉን አሳይታችሁ ምን እንደምትሠሩ ንገሯቸው። የጎማ ማሰሪያችን ሦስት ጊዜ ከተሰበረብን በኋላ መፍትሔውን ያገኘልን አንድ ቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤ ቀዳዳውን አስፍቶ ውስጡ ቡሽንግ የሚባል እጅጌ መሳይ ቀለበት አስገባበት፣ ከዚያ ወዲህ ተሰብሮ አያውቅም።

ትክክለኛውን ሞተር ከማዘዛችሁ በፊት ሒሳቧን ሥሩ፣ ቀላል ናት። 50 ኪሎ ሮቨር 30 ዲግሪ ዳገት ላይ ሲወጣ ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል 245 ኒውተን አካባቢ ነው። የጎማው ዲያሜትር 25 ሳንቲም ከሆነ ራዲየሱ 0.125 ሜትር ነው፣ ሲባዛ 31 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ጉልበት ይመጣል። ለስድስት ጎማ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ5 ትንሽ ከፍ ይላል። ግን ዳገት ላይ ስድስቱም እኩል አይሸከሙም፣ አንዱ አየር ላይ ይንጠለጠላል፣ አፈሩም ይይዛል። ስለዚህ እጥፉን፣ 10 ኒውተን ሜትር ያዙ። በሰከንድ አንድ ሜትር እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጎማው በደቂቃ 76 ጊዜ ያህል መዞር አለበት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዛችሁ ሞተር ፈልጉ። ሻጩ "ጠንካራ ነው" ስላላችሁ አትግዙ።

ስድስት ጎማ ወይስ አራት? እኔ ስድስት እላለሁ። ናሳ በ1997 ማርስ ላይ ካሳረፋት ከሶጆርነር ጀምሮ እስከ ፐርሴቨረንስ ድረስ ሁሉም ሮቨሮቹ ስድስት ጎማ ናቸው። በሁለቱም ጎን ያለው የሚወዛወዝ ክንድ ጎማዎቹን መሬት ላይ ስለሚያቆያቸው ያለ ሞላ ድንጋይ ይወጣሉ። በአራት ጎማ ያሸነፉም አሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ስድስቱ የጀማሪን ስሕተት ይበልጥ ይችላል።

አፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኛ ለዚህ ሥራ የታደልን ነን። ከከተማው ዳር ያለው መሬት በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ ሦስት ዓይነት ነው። ቂሊንጦና አቃቂ አካባቢ ኮቲቻ የሚባለው ጥቁር አፈር አለ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እንደ ማስቲሽ ይጣበቃል። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ቀይ አፈርና ድንጋያማ ዳገት ታገኛላችሁ። ለግንባታ የተከመረ ሬድ አሽ ደግሞ የትም አለ። ሬድ አሹን አትናቁት። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው፣ ናሳ የማርስን አፈር ለማስመሰል ሲጠቀምበት የቆየው ጄ ኤስ ሲ ማርስ ዋን የተባለው አፈርም ሃዋይ ውስጥ ካለ ተመሳሳይ የእሳተ ገሞራ ኮረብታ የተወሰደ ነው። ክምሩ ላይ ለመውጣት ሞክሩ፤ ጎማ ሲንሸራተት ምን እንደሚመስል በአንድ ቀን ትማራላችሁ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ።

ኮቲቻውን ያስተማሩን ግን አንድ አዛውንት ናቸው። ኅዳር ላይ ነው፣ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጥተው ቆሙ። "ልጆቼ፣ ይቺ ምን ታደርጋለች?" አሉን። "አባባ፣ ማርስ የሚባል ፕላኔት ላይ ለምትሄድ መኪና መለማመጃ ናት" አልናቸው። ትንሽ አዩና "እንግዲያው በዚያ በኩል እንዳትወስዷት። ላዩ ደርቆ ታዩታላችሁ እንጂ ሆዱ ገና ውሃ ነው" አሉ። እኛ ግን ደረቅ መስሎን ወሰድነው። ቅርፊቱ ቀጭ አለና የፊት ሁለቱ ጎማዎች ሰጠሙ። የሚነዳው ልጅ ደንግጦ ኃይል ጨመረ፣ ጎማው በባሰ ቆፈረ። ጭቃው በጎማው ጥርሶች መሃል ሞልቶ፣ ጥርስ የሌለው ለስላሳ ድቡልቡል ነገር ሆነ። የሮቨሩ ሆድ መሬት ነካ። አንሥተን አወጣነው፣ ከዚያ በእንጨት እየፋቅን አርባ ደቂቃ ፈጀብን። አዛውንቱ አልሳቁብንም፣ ቁጭ ብለው አብረውን ፋቁ።

ስፒሪት የተባለችው የናሳ ሮቨር በ2009 ማርስ ላይ የገጠማት ይኸው ነው። ከላይ ጠንካራ የሚመስል ቅርፊት ተሰብሮ ከሥሩ ባለው ልል አፈር ተያዘች፣ ከዚያ ቦታ ሳትወጣ በ2010 ግንኙነቷ ተቋረጠ። እዚያ ደግሞ የሚፍቅላት ሰው የለም። ስለዚህ ሹፌራችሁን ይህን አስለምዱት፦ ጎማው እየዞረ ሮቨሩ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ያቁም፤ ኃይል አይጨምር፤ በመጣበት ዱካ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለስ። ጎማውንም አስተካክሉ። የጎማ ጥርሶች ተቀራርበው ከሆነ ጭቃ ይይዛሉ። አራርቋቸው፣ የጎማውን ጎን ክፍት አድርጉት፣ ጭቃው በራሱ ይውደቅ። እኛ የካላማዳሪ ቁራጭ አልብሰን ሞከርን፣ ድንጋይ ላይ ጥሩ ነው፣ ኮቲቻ ላይ አይረባም።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ ልለፈው፤ ሜዳ ላይ ከሚያቆማችሁ ነገር አብዛኛው ግን ከሱ ነው የሚመጣው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ሮቨር ሬድ አሽ ላይ አሥር ደቂቃ ተንቀጥቅጦ ቀጥ ይላል። ኮዱን ትመረምራላችሁ፣ ሞተሩን ትጠረጥራላችሁ፣ በመጨረሻ ግማሽ ሚሊ ሜትር የወጣች የሽቦ ማያያዣ ትሆናለች። ስለዚህ የሚቆለፍ ማያያዣ ተጠቀሙ። ስታኞ የነካውን ቦታ ሁሉ ሽቦው እንዳይወዛወዝ እሰሩት፣ በየሽቦው ጫፍ ላይ ስም ለጥፉ። ትልቅ ቀይ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ውጭ፣ ሁሉም ሰው በሚደርስበት ቦታ አድርጉ፤ ሲጫን ኃይሉን ከባትሪው ላይ ይቁረጥ። በሶፍትዌር ብቻ የሚያቆም ቁልፍ፣ ሶፍትዌሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል።

ከሮቨሩ ጋር የምትገናኙበትን ሬድዮ ከውጭ ስታስመጡ አስቀድማችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ስለ ፈቃዱ ጠይቁ። ዕቃው ጉምሩክ ከገባ በኋላ መሯሯጥ ጊዜ ይበላል።

ሌላው ትልቅ ነገር ሳያዩ መንዳት ነው። ውድድሩ ላይ ሹፌሩ ሮቨሩን አያየውም፣ ድንኳን ውስጥ ሆኖ በካሜራ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ አብሮ እየተራመደ የተለማመደ ልጅ እዚያ ሲገባ ግራ ይጋባል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሹፌሩ ጀርባውን ይስጥ፣ ወይም ሚኒባስ ውስጥ መጋረጃ ዘግታችሁ አስቀምጡት። ሜዳ ላይ ያሉት ደግሞ አፋቸውን ይያዙ። "ግራ፣ ግራ!" ብሎ መጮህ ክልክል ይሁን። አንድ ካሜራ ወደ ፊት፣ አንድ ከፍ ብሎ የራሱን ጎማዎች የሚያሳይ ይኑረው፤ ሁለተኛው ነው የሚያድናችሁ። በራሱ ለሚሄድበት ክፍል ሮስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ተማሩ፣ ሮቨሩ ሳይኖርም ጋዜቦ በሚባል ማስመሰያ ፕሮግራም ላይ በምናባዊ ሜዳ መለማመድ ይቻላል። መብራት ሲጠፋና ዝናብ ሲይዛችሁ ይህን ሥሩ።

ለክንዱ አሮጌ የኮምፒውተር ኪቦርድ እንጨት ላይ ቸንክሩና ስማችሁን እንዲጽፍ አድርጉ። ውድድሩ ላይ ቁልፍ መጫን፣ ማዞሪያ ማዞር፣ ብሎን መፍታት አለ። እስከ 5 ኪሎ የሚሆን ዕቃ ማንሳትም አለ።

የሳይንሱ ክፍል የምህንድስና ልጆች ችላ የሚሉት ነው፣ ነጥቡ ግን እኩል ነው። ከባዮሎጂ ወይም ከኬሚስትሪ ሁለት ልጅ ጨምሩ፣ እንደ ተለጣፊ ሳይሆን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ። አንድ ሙከራ ላሳያችሁ። አፈር ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ስታደርጉ አረፋ ከሠራ ሕያው ነገር አለበት ማለት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሕዋሳት ፐርኦክሳይዱን የሚሰብር ኢንዛይም አላቸውና። የእኛ ልጆች ኮቲቻው ላይ ሞክረው አረፋው ሲፈላ ደስ አላቸው። ቆይ አልኳቸው። አፈር ውስጥ ያለ ማንጋኒዝ ኦክሳይድም ያው አረፋ ያመጣል። ከዚያው አፈር ግማሹን በአሮጌ ብረት ምጣድ እንደ ቡና ቆሉት፣ አቀዝቅዙና እንደገና ጠብ አድርጉ። ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል፣ ማዕድኑ አይሞትም። የተቆላውም ከፈላ ሕይወት ነው ማለት አትችሉም። በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት፣ ቫይኪንግ የተባሉት የናሳ መንኮራኩሮችም ለማነጻጸሪያ የአፈሩን ናሙና አሙቀው ነበር። ዳኞች የሚጠይቋችሁ ይህንን ነው፤ "አገኘን" ከማለት በፊት "በምን ታውቃላችሁ?" ይላሉ። ምጣዱ ግን ወደ ወጥ ቤት እንዳይመለስ።

ካለፋችሁ የጉዞውን ነገር በዚያው ቀን ጀምሩ፣ የቪዛ ቀጠሮ ይርቃል። ሮቨሩ ተፈታትቶ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ይሁን፤ ብዙ አየር መንገድ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው የሚፈቅደው፣ ስለዚህ ሻሲውን ከመበየዳችሁ በፊት የት ላይ እንደሚፈታ አስቡ። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም፣ ከ100 እስከ 160 ያለውም የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ባትሪውን ከጅምሩ በትንንሽ ጥቅሎች ሥሩት።

እስከዚያው ድረስ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ውጡ። አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ገበሬዎቹ ማሳውን በደስታ ይፈቅዱላችኋል። ስትጨርሱ የጎማ ዱካውን ደልድሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የወደቀ ብሎን፣ ዳዶና የሽቦ ቁራጭ አንድ በአንድ ልቀሙ፤ ከሣር ጋር ከብት ይውጠዋል።