ቀለም አልይዝ ያሉኝ የናፖሊዮን ወታደሮች

ለዋተርሉ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1815) የጠረጴዛ ጨዋታ የምሰበስባቸው የፈረንሳይ እግረኛ ወታደር አሻንጉሊቶች 1/72 ናቸው፤ ማለትም ከእውነተኛ ሰው 72 ጊዜ ያነሱ። ቁመታቸው 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ለስላሳ ፕላስቲክ። ሰማያዊ ኮታቸውን ቀባሁ፤ ደረታቸው ላይ የሚጠላለፈውን ነጭ ቀበቶ ትንፋሼን ይዤ በቀጭን ብሩሽ ሳልኩ። አንድ ጨዋታ ብቻ! የጠመንጃው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ።

መጀመሪያ ቀለሙን ደረብኩ። ባሰበት። ቀጥሎ ስፕሬይ ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ ከሥር የሚቀባ መደብ) ነፋሁ። ጠመንጃው ጎበጥ ሲል ተሰነጣጠቀ። ሦስት ቀን በከንቱ።

ችግሩ ከቀለሙ አልነበረም። የተሠሩበት ፕላስቲክ፣ ፖሊኤትሊን፣ ቀለም አይወድም፤ ከፋብሪካ የቀረ ቅባትም ላዩ ላይ አለ። ያልተቀቡትን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳቸው። የተጣመመ ጠመንጃ ካለ በጣም የሞቀ ውሃ ውስጥ ነከር፣ በጣት አቃና፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ። ሲደርቁ ነጭ የእንጨት ኮላ (ፒቪኤ) በውሃ አቅጥኜ ቀባኋቸውና አሳደርኳቸው። ከዚያ አክሪሊክ ቀለም፣ በመጨረሻ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ። ብልጭታው ካስጠላችሁ ደብዛዛውን ደርቡበት።

አሁን ሳንጃውን ሳጎብጠው ቀለሙም አብሮ ይጎብጣል። የድሮዎቹን ግን ገና እየላጥኩ ነው።