ቤት የሚሠራው ሰርቨር ዶርም ሲደርስ ለምን እምቢ ይላል?

ወላጆቼ ቤት ሳሎን ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሌት ተቀን በርቶ ይኖራል። ቪዲዮዎቹን በኔትወርክ ወደ ሌላ ስልክና ላፕቶፕ የሚልክ ጄሊፊን የሚባል ፕሮግራም ጭኜበታለሁ፤ ሰርቨሬ እሱ ነው። ውስጡ የዘመድ ሠርግ፣ የክርስትና ድግስ፣ ከቪኤችኤስ ካሴት የገለበጥናቸው የአያቴ ቪዲዮዎች አሉ። ዶርም በገባሁበት የመጀመሪያ ቅዳሜ ልከፍተው ስል ገጹ ዝም ብሎ ይሽከረከር ጀመር። እናቴን በስልክ ይዤ ራውተሩን ሦስት ጊዜ አስጠፋኋት፣ አስበራኋት። ችግሩ ግን ቤት አልነበረም።

ስለዚህ ምንም ሳትነካኩ አንድ ነገር ሞክሩ። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ሰርቨሩን ክፈቱት። ከከፈተ ቤት ሰላም ነው፤ የያዘው የግቢው ኔትወርክ ነው። በዳታም እምቢ ካለ ቤት ያለውን ፈትሹ። ይቺ የአንድ ደቂቃ ሙከራ የአንድ ሌሊት ልፋት ታድናለች።

በዳታ ይከፍታል፣ በግቢው ዋይፋይ አይከፍትም

ጄሊፊን ሲጫን የሚጠቀመው ፖርት (ፕሮግራሙ የሚገናኝበት ባለቁጥር በር) 8096 ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው የፕሌክስ 32400 ነው። ጠበቅ ያለ ግቢ ግን ወደ ውጭ የሚያሳልፈው ዌብሳይቶች የሚጠቀሙባቸውን 80ንና 443ን፣ ከነሱ ጋር ጥቂት ሌሎችን ብቻ ነው። የቀረውን ፋየርዎሉ፣ ማለትም የኔትወርኩ ዘበኛ፣ መልስ ሳይሰጥ ይጥለዋል። የስህተት መልእክት እንኳ ሳይመጣ ገጹ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው።

መፍትሄው ሰርቨሩን በ443 ማውጣት ነው። ለዚህ ሪቨርስ ፕሮክሲ፣ ማለትም ከውጭ የሚመጣውን ተቀብሎ ወደ ጄሊፊን የሚያሳልፍ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ለጀማሪ ካዲ የሚባለው ይቀላል። ግንኙነቱ እንዲመሰጠር የሚያስፈልገውን የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ያድሳል። ከእናንተ የሚጠበቀው የራሳችሁ ዶሜይን (የዌብሳይት ስም) መያዝና ራውተሩ ላይ 80ንና 443ን ወደ ሰርቨሩ መምራት ነው። 8096ን ለውጭ አትክፈቱት። የይለፍ ቃሉን አጠንክሩ፣ ጄሊፊንንም በየጊዜው አድሱ፤ አሁን በሩ ለዓለም ሁሉ ይታያል።

ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን የግቢውን የኔትወርክ ደንብ አንብቡ። የቤት ሰርቨርንም፣ ቪፒኤንንም (በኢንተርኔት ውስጥ የተመሰጠረ የግል መስመር የሚዘረጋውን) በስም የሚከለክል ግቢ አለ። አይቲ ቢሮ ሄዳችሁ «ቤቴ ያለ ሰርቨር ላይ የቤተሰቤን ቪዲዮ ማየት እፈልጋለሁ፣ ይፈቀዳል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። አይሆንም ካሉ በሞባይል ዳታ እዩ፣ ወይም ቤት ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ተመለሱ። የግቢ አካውንት ቢታገድ የሚቀርባችሁ ቪዲዮ ብቻ አይደለም፤ ኢሜይሉም፣ አሳይመንቱም፣ ውጤቱም እዚያው ላይ ነው።

በዳታም አይከፍትም

የራውተሩን ገጽ ክፈቱና ከውጭ የተሰጠውን አይፒ አድራሻ እዩ። ከዚያ ከቤቱ ዋይፋይ ላይ አይፒ የሚያሳይ ዌብሳይት ክፈቱ። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ፣ ኢንተርኔት አቅራቢው ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ አስቀምጧል ማለት ነው። ራውተሩ ላይ ፖርት ብትከፍቱ ባትከፍቱ ለውጥ የለውም። አቅራቢውን የራሳችሁን አድራሻ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ያስከፍላል።

ካልሆነ ቴይልስኬል የሚባል የቪፒኤን ፕሮግራም አለ፤ ሰርቨሩም ስልካችሁም ላይ ይጫናል። ሰርቨሩም ስልካችሁም ወደ ውጭ ወጥተው ይገናኛሉ፣ ራውተሩ ላይ ምንም መክፈት አያስፈልግም። ደንቡ ቪፒኤን የሚከለክል ከሆነ ግን ይህንንም ያካትታል። ግቢው ዩዲፒን፣ ማለትም ቴይልስኬል ለቀጥታ ግንኙነት የሚጠቀምበትን የመላኪያ መንገድ፣ ከዘጋ ደግሞ ቀጥታ መገናኘት ያቅታቸውና በአማላጅ ሰርቨር በኩል ይዞራሉ። ያኔ ገጹ ይከፈታል፣ ቪዲዮው ግን ይንቀራፈፋል። የቴይልስኬሉ ስታተስ የሚለው ትዕዛዝ ላይ «ዳይሬክት» ሳይሆን «ሪሌይ» ካያችሁ ነገሩ ይህ ነው።

ይከፍታል፣ ግን በየደቂቃው ይቆማል

ሁሉም ሰው የዶርሙን ፍጥነት ይለካል። ወሳኙ ግን የቤቱ አፕሎድ፣ ማለትም ከቤት ወደ ውጭ የሚላክበት ፍጥነት ነው። አንድ 1080ፒ ቪዲዮ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ቢፈልግና የቤቱ አፕሎድ 5 ቢሆን የዶርሙ ዋይፋይ 200 ቢሆን ምን ይረባል? ማጫወቻው ላይ ጥራቱን ወደ 720ፒ፣ 3 ሜጋቢት አካባቢ አውርዱት።

ይሄኔ ሌላ ጣጣ ሊመጣ ይችላል። ጥራቱ ሲወርድ ሰርቨሩ ቪዲዮውን እያጫወተ እንደገና መቀየር አለበት፤ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ይህን አይችለውም። የጄሊፊን ዳሽቦርድ ቪዲዮው እንዳለ እየሄደ ይሁን እየተቀየረ፣ ለምን እንደሚቀየርም ያሳያል። ፕሮሰሰሩ 100 ፐርሰንት ከደረሰ የሃርድዌር ማፍጠኛውን አብሩት፤ ኢንቴል ከሆነ ኩዊክ ሲንክ የሚባለው ነው። ከሌለው ቪዲዮዎቹን ቀድማችሁ ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ብዙ ዕቃ ወደሚያጫውተው ኤች 264 ቅርጸት ቀይሩ። እኔ የአያቴን ቪዲዮዎች ሁሉ እንደዚያ አድርጌ ተገላግያለሁ።

የአማርኛው ሰብታይትል አራት ማዕዘን ሆኖ ይመጣል

ማጫወቻው ሰብታይትሉን ራሱ ማሳየት ሲያቅተው ሰርቨሩ ምስሉ ላይ ያትመዋል። ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ከሌለ ሳጥን ብቻ ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን የሚባለውን ፎንት ሰርቨሩ ላይ ጫኑና ጄሊፊንን እንደገና አስነሱት። ከሳጥን ይልቅ የተዘበራረቀ ምልክት ከመጣ የሰብታይትሉን ፋይል ኖትፓድ ላይ ከፍታችሁ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ሴቭ አድርጉት።

ስልክ ላይ ይሠራል፣ ቲቪ ላይ አይሠራም

ክሮምካስትና ብዙ ቲቪዎች እንደ ኤዱሮም (የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ዋይፋይ) ያለ የግል ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ዋይፋይ ውስጥ መግባት አይችሉም። ቢገቡም ግቢው ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚለያያቸው ስልካችሁ ቲቪውን አያገኘውም። አንዳንድ ግቢ የቲቪውን ማክ አድራሻ (የዕቃውን የኔትወርክ መለያ ቁጥር) መዝግቦ ለብቻው ያስገባዋል፤ ጠይቁ። የራሳችሁን ራውተር አምጥታችሁ አትሰኩ፤ ብዙ ቦታ ክልክል ነው፣ የጎረቤቶቻችሁንም ዋይፋይ ይረብሻል። እኛ ዶርም ውስጥ በመጨረሻ አንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ገዝተን ላፕቶፑን ከቲቪው ጋር አገናኘነው። የአያቴን ቪዲዮ ያየነው በዚያ ነው።