ከአራት ፊደል ስድስት ቃል

ማታ ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ስክራብል፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ፊደሎችን እያገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበትን ጨዋታ፣ እንጫወታለን። ሰባት ፊደል ፊቴ ተደርድሮ አንድ ቃል አይታየኝም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጭንቅ ነው።

የቃል እጥረት መስሎኝ ነበር። ለካ ፊደሎቹን በልቤ እያነበብኩ ነው የተቸገርኩት። በእኛ ፊደል «ሰማ»ን ብትገለብጡት «ማሰ» ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ፊደል ድምፅ ግን ያው ነው። እንግሊዝኛ እንደዚያ አይደለም። ኤ፣ ኢ እና ቲን ውሰዱ። «ኢት» ብላ ነው፣ «ኤት» በላ፣ «ቲ» ደግሞ ሻይ። ፊደሎቹ እነዚያው ሦስቱ ናቸው። ድምፃቸው ግን በየቦታው ሌላ ነው። ጆሮዬ ነው ያሳተኝ።

ስለዚህ ማንበቡን ተውኩት። አሁን ፊደሎቹን ወረቀት ላይ በክብ እጽፋቸዋለሁ። ክብ መጀመሪያ ስለሌለው ዓይን አንድ ቦታ አይቸከልም። ከዚያ ኤስን አንዴ መጀመሪያ፣ አንዴ መጨረሻ ላይ አደርጋታለሁ። ኦ፣ ፒ፣ ኤስ እና ቲን እንዲህ ሳዞራቸው ስድስት ቃል ወጣ፦ «ስቶፕ» አቁም፣ «ስፖት» ቦታ፣ «ፖስት» ምሰሶ፣ «ፖትስ» ድስቶች፣ «ቶፕስ» ጫፎች፣ «ኦፕትስ» ይመርጣል። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም!

የቀረችኝ ኪው ነበረች። ያለ ዩ አትሄድም ብዬ እመልሳት ነበር፤ 10 ነጥብ ያላትን ፊደል! አሁን ከአይ ጋር አጣምሬ «ቺ» ብዬ አወርዳታለሁ። ከቻይንኛ የመጣ ቃል ነው፣ የሕይወት ኃይል ማለት። እሱም ከነትርጉሙ ደብተሬ ላይ ሰፍሯል።