ልባጡ ተላጠ፣ ጠቆረ፣ ባትሪውም አልያዘ አለ፦ የኤሌክትሮድ ልባጥ ችግርና መፍትሄ

በኤሌክትሪክ መለበጥ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ሽቦ፣ አንድ ፓወር ሰፕላይ፣ ጨው የሟሟበት ውሃ። ማብሪያውን ስትጫኑት ካቶዱ (ከኔጌቲቩ ሽቦ ጋር የተገናኘው ተለባጭ) ላይ ሜታል መቀመጥ ይጀምራል። ለጌጥ ከሆነ ካብረቀረቀ ይበቃል። ለባትሪ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልባጡ ባትሪው በተሞላ ቁጥር ያብጣል፣ በተራገፈ ቁጥር ይኮማተራል፣ ቀን ከሌት ኤሌክትሮላይት (የባትሪው ከረንት አስተላላፊ ፈሳሽ) ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። በዓይን ያልታየ ጥፋት ሁሉ እዚያ ይወጣል።

ልባጥ ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ፈሳሹን ነው። «ኬሚካሉ ሞቷል» ብሎ ይደፋዋል። እኔም ስንቱን ደፍቻለሁ። አሁን ግን መጀመሪያ ጽዳቱን፣ ቀጥሎ የከረንቱን ስሌት አያለሁ። ፈሳሹን የምነካው መጨረሻ ላይ ነው።

ልባጡ እንደ ቅርፊት ይነሳል

የለበጣችሁትን ፎይል (ስስ የሜታል ቅጠል) ስታጥፉት ይሰነጠቃል። ፕላስተር ለጥፋችሁ ስትነቅሉት አብሮ ይመጣል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሥር ችግር ነው። ከልባጡና ከተለባጩ መሃል ቅባት ወይም ኦክሳይድ (ሜታሉ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚለብሰው ሽፋን) ቀርቷል። አንድ የጣት አሻራ እንኳ ይበቃል።

መፈተኛው ውሃ ነው። ያጠባችሁትን ፎይል ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። ውሃው እንደ ስስ ጨርቅ ወጥ ሆኖ ከተዘረጋና ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይበጣጠስ ከቆየ ንጹህ ነው። እዚህም እዚያም ጠብታ እየሠራ ከሸሸ ቅባት አለበት። ይህን ያላለፈ ፎይል እኔ ጋ ፈሳሽ ውስጥ አይገባም።

ለመዳብ የማደርገው ይህን ነው። ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ አጥባለሁ፣ በተጣራ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ 10 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል እነክራለሁ፣ እንደገና አለቀልቃለሁ። ከዚያ ሳይደርቅ በቀጥታ ወደ ልባጡ። «ሳይደርቅ» የምትለዋን ቃል ብዙ ሰው ይዘላታል። አየር ላይ ለሻይ እረፍት የቆየ መዳብ እንደገና ኦክሳይድ ይለብሳል። አሲዱን ስታቀጥኑ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ።

አሉሚኒየምና ስቴንለስ ስቲል ግን በዚህ አይሸነፉም። ኦክሳይዳቸው ከማለቅለቂያው እስከ ልባጡ ባለው መንገድ ላይ ይመለሳል። ለአሉሚኒየም መፍትሄው ዚንኬት ነው። ዚንክ ኦክሳይድ በጠንካራ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተሟሙቶ የሚሠራ ፈሳሽ ሲሆን፣ ኦክሳይዱን አንስቶ በቦታው ስስ ዚንክ ይተካል። ያን ዚንክ ይዛችሁ ጠንካራ አሲድ ውስጥ ከገባችሁ ግን ይሟሟል፣ ልፋቱም አብሮ። ለስቴንለስ ደግሞ ኒኬል ክሎራይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባለበት ፈሳሽ ለጥቂት ደቂቃ የመጀመሪያ ስስ ኒኬል ይሰጠዋል። አሲዱ ኦክሳይዱን እየበላ ከረንቱ ኒኬሉን ያስቀምጣል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብረት ወይም ዚንክ መዳብ ሰልፌትና አሲድ ውስጥ ሲነከር ገና ከረንት ሳይከፈት ቀይ ይለብሳል። ደስ አይበላችሁ። መዳቡ ብረቱን እያስወጣ ራሱን ተካ እንጂ አልተለበጠም፤ በጣት ስትነኩት ይረግፋል። ከሁለቱ ሜታሎች መሃል ኒኬል ያስፈልጋል።

ጠርዙ ጠቆረ፣ መሃሉ ግን ደህና ነው

ጥቁር ወይም ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ጠርዝና ማዕዘን ላይ ከታየ ልባጡ ተቃጥሏል። ከረንት ሹል ቦታ ይወዳል። አማካዩ ልክ ቢሆንም ጠርዙ ላይ የሚደርሰው ከአማካዩ እጅግ ይበልጣል። እዚያ አካባቢ ያለው አዮን (ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው፣ ቻርጅ ያለው የሜታል ቅንጣት) ያልቃል፣ ሃይድሮጅን ይወጣል፣ የሚቀመጠውም ልል ዱቄት ይሆናል።

ከረንቱን በግማሽ ቀንሱ። አኖዱን (ከፖዘቲቩ ሽቦ ጋር የተገናኘውን) አርቁት። ፈሳሹን አማስሉ። ካልበቃ ከፎይሉ ዙሪያ ሌላ የመዳብ ሽቦ አስሩ፤ የጠርዙን ትርፍ ከረንት እሱ ይውሰደው። የምትችሉ ከሆነ ሃል ሴል የሚባለውን አንድ ጎኑ ሰያፍ የሆነ ትንሽ ገንዳ ሞክሩ። መደበኛው 267 ሚሊሊትር ይይዛል። ካቶዱ አንድ ጫፉ ለአኖዱ የቀረበ፣ ሌላው የራቀ ስለሆነ በአንድ ሙከራ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ከረንት ያለውን ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ላይ ታነቡታላችሁ። ሳምንት ከመገመት 10 ደቂቃ እሱ ላይ ማጥፋት ይሻላል።

ሚዛኑ ልክ ነው፣ ባትሪው ግን አይሞላም

ይህ የደረሰብኝ ነው። ለዚንክ ባትሪ መዳብ ፎይል ላይ ዚንክ እለብጥ ነበር። ፎይሉ 4 በ5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር። በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊአምፔር ብዬ 200 ሚሊአምፔር ለ1 ሰዓት ሰጠሁት። በፋራዴይ ሕግ (የሚቀመጠው ሜታል ካለፈው ከረንትና ጊዜ ጋር ይመጣጠናል በሚለው) ሲሰላ በካሬ ሴንቲ ሜትር 12.2 ሚሊግራም ነው፤ ውፍረቱ 17 ማይክሮን ገደማ። ባጠቃላይ 244 ሚሊግራም። መዘንኩት፤ ልክ ነው። ባትሪውን ገጠምኩት፤ የሰጠኝ አቅም ካሰብኩት ሲሶው የጎደለ። ጨዉን ቀየርኩ። ሴፓሬተሩን (የባትሪውን ሁለት ኤሌክትሮዶች የሚለየውን ስስ ሽፋን) ቀየርኩ። ያው ነው።

አንድ ቀን ያገለገለውን ኤሌክትሮድ ለመጣል ሳነሳው ከእጄ ላይ ገለበጥኩት። ጀርባው ግራጫ ነው። ዚንክ! አኖዱ ከፊት ለፊት ብቻ ስለነበር ጀርባው አይለበጥም ብዬ ነበር። ከረንቱ ግን ዞሮ ሄዷል። ጀርባ ላይ የተቀመጠው ዚንክ ይመዘናል እንጂ ባትሪው ውስጥ አይሠራም፤ ከባትሪው ካቶድ (ፖዘቲቭ ኤሌክትሮድ) ፊት ለፊት አይደለማ።

መፍትሄው አሳፋሪ ያህል ቀላል ነው። ጀርባውንና የተቆረጡትን ጠርዞች በፕላስተር ወይም በጥፍር ቀለም መሸፈን። ቀለሙ በደንብ ይድረቅ፤ አሲድ ውስጥ የሚለሰልስ ከሆነ ፈሳሹን ያቆሽሻል።

ክብደቱ ራሱ ከስሌቱ ካነሰስ? ያኔ ከፊሉ ከረንት ሃይድሮጅን ሠርቶበታል፣ ወይም ፎይሉን የያዘው ክሊፕ ራሱ ተለብጦ ድርሻውን ወስዷል። ኒኬል 95 በመቶ አካባቢ ቢሰጣችሁ አትደንግጡ፤ ተፈጥሮው ነው። ከ100 በመቶ በላይ ካገኛችሁ ግን አትደሰቱ፤ ወይ በደንብ አልደረቀም፣ ወይ ሃይድሮክሳይድ አብሮ ተቀምጧል።

ትናንሽ ጉድጓዶች፣ ትናንሽ እብጠቶች

ሁለቱን ለዩ። ጉድጓድ ከሆነ ላዩ ላይ የተጣበቀ የሃይድሮጅን አረፋ ቦታውን ከልክሏል። ፎይሉን ማንቀሳቀስ፣ ለኒኬል ደግሞ በሊትር ከ0.1 እስከ 0.5 ግራም ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት መጨመር አረፋው ቶሎ እንዲለቅ ያደርጋል። እብጠትና ሻካራነት ከሆነ ግን ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአኖዱ የረገፈ ዝቃጭ። አጥልሉት፣ አኖዱንም በጨርቅ ከረጢት አልብሱት።

ፈሳሹ ደፈረሰ

አሁን ፈሳሹን መጠርጠር ይቻላል። ግን የትኛው ፈሳሽ እንደሆነ ይለያያል።

በኒኬል በብዛት የሚሠራበት ኦሊቨር ዋትስ በ1916 ያስተዋወቀው ቅመራ ነው። በሊትር ከ240 እስከ 300 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ ከ30 እስከ 60 ግራም ኒኬል ክሎራይድ፣ ከ30 እስከ 45 ግራም ቦሪክ አሲድ። አኖዱ ኒኬል ከሆነ ከሚቀመጠው ትንሽ የሚበልጥ ይሟሟል፣ ካቶዱ ላይ ደግሞ ጥቂት ሃይድሮጅን ይወጣል። ስለዚህ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወጣ አሲድነቱ ይቀንሳል) ቀስ እያለ ይወጣል። 5ን ሲያልፍ አረንጓዴ ደመና ይመጣል፣ ልባጡም ተሰባሪ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ከየሥራው በፊት ለኩት፣ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ወደ 4 አካባቢ መልሱት። ፒኤቹ እየወረደ ከሆነ በተቃራኒው አኖዳችሁ አልሟሟ ብሏል።

«አኖዱን ስቴንለስ ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አታድርጉት። ክሮሚየሙ ሟሙቶ ባለ ስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም ሊሆን ይችላል፤ መርዝ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። ካርቦን ብታደርጉት ደግሞ ክሎራይዱ ክሎሪን ጋዝ ይሆናል። የኒኬል ጨው ራሱም ቆዳ ያስቆጣል፣ ካንሰር አምጪ ነው። ጓንት አድርጉ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሥሩ፣ ያለቀውን ፈሳሽ ወደ ቱቦ አትልቀቁ።

ቲን ላይ ያለው ድፍርስ ሌላ ታሪክ ነው። ቲኑ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሁለት ተጨማሪ ኤሌክትሮን አጥቷል፣ ቢጫ አዘል ጭቃም ሆኗል። ይህ በአየር እያንፈቀፈቁ የማማሰል ቅጣት ነው። ቲንን በእጅ ወይም በማግኔት ማማሰያ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፣ አሲዱን አታሳንሱ፣ እቃውን ክደኑ።

ቮልቴጁ ብቻውን ይወጣል

ከረንቱን ቋሚ አድርጋችሁ ቮልቱ ከፍ ከፍ ካለ መጀመሪያ ክሊፑን እዩ። የዛገ ክሊፕ ስንት ሰው አስለቅሷል። ሁለቱን የቴስተር ጫፎች በክሊፑና በፎይሉ ላይ አድርጋችሁ ብታነቡ፣ የሚታይ ቮልት ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሌላ ተጠርጣሪ አለ። የአልካላይን ባትሪ ጥቁር ዱቄት የሚሠራው በአኖድ ላይ ነው፤ ዕቃችሁን ከፖዘቲቩ ጋር እንጂ ከኔጌቲቩ ጋር አትግጠሙት። ፈሳሹ ማንጋኒዝ ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ ሙቀቱም ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ። አኖዱ ቲታኒየም ሲሆን፣ ከረንቱ ከበዛ ወይም ሙቀቱ ከወረደ ቲታኒየሙ ከዱቄቱ ሥር የራሱን ኦክሳይድ ይሠራና ከረንት አላሳልፍ ይላል። ከረንቱን ቀንሱ፣ ሙቀቱን ጠብቁ፣ ቲታኒየሙን በአሸዋ ንፋት አሻክሩት። ለስላሳ ቲታኒየም ላይ ዱቄቱም በደንብ አይዝም።

ልባጡ አማረ፣ ባትሪው ውስጥ ግን ፈረሰ

እዚህ የሚያመው ለሊቲየም ባትሪ የሚለበጥ ቲን ነው። በግራም 994 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ የግራፋይት 372 ነው። ያጓጓል። ዋጋው ግን ሊቲየም ሲገባበት መጠኑ ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ወፍራም፣ ለስላሳና አንጸባራቂ ልባጥ በጥቂት ሙሌት ውስጥ ተሰነጣጥቆ ይራገፋል። እኔ ያየሁት ኤሌክትሮድ ሴሉ ሲከፈት ቲኑ ሴፓሬተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ መዳቡ ራቁቱን ነው።

ስለዚህ ከአንድ ሁለት ማይክሮን አትለፉ። መዳቡን በቅድሚያ አሻክሩት። ከተለበጠ በኋላ ኦክስጅን በሌለበት ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ለጥቂት ሰዓት አሙቁት። መዳቡና ቲኑ ድንበራቸው ላይ ይዋሃዳሉ፣ ሥሩም ይይዛል። ቲን በ232 ዲግሪ ስለሚቀልጥ እዚያ አትድረሱ። የሚያበሩ ቅመሞችን ለባትሪ አልመክርም፤ ውበት ሰጥተው ካርቦንና ሰልፈር ልባጡ ውስጥ ይተዋሉ።

ዚንክ ሲሆን ችግሩ ሁለት መልክ አለው። ሴሉ ሴፓሬተሩ ተበስቶ በድንገት ሾርት ካደረገ መርፌና ቅርንጫፍ የመሰለ ዴንድራይት አድጓል። ስትሞሉ ከረንቱ ከአዮኑ ፍጥነት በልጧል፣ ጫፉም ከረንቱን እየሳበ ይረዝማል። ባትሪ ውስጥ ማማሰል ስለማይቻል ሙሌቱን ማዝገም፣ ወይም ከረንቱን በአጭር አጭር ምት ሰጥቶ በመሃል እረፍት መተው ነው። ሴሉ ካበጠና ዚንኩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ደግሞ ሃይድሮጅን እየወጣ ነው። ውሃው ሃይድሮጅኑን ሲለቅ ዙሪያው አልካሊ ይሆናል፣ ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ያለው ዚንክ ሰልፌትም ወደ ማይሟሟ ነጭ ቅርፊት ይለወጣል። መጀመሪያ የዚንኩ ልባጥ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ከሥሩ የተጋለጠ መዳብ፣ በተለይም ኒኬል፣ ሃይድሮጅኑን ያፋጥናል። ቀዳዳ ከሌለ ዚንኩ ላይ እጅግ ስስ ኢንዲየም ወይም ቢስመዝ ለብጡበት። ሁለቱም ሃይድሮጅን በቀላሉ አይለቁም። ድሮ ይህን ሥራ ሜርኩሪ ይሠራው ነበር።

ሊቲየምን በውሃ ውስጥ ለመለበጥ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት፤ ውሃውን ነው የሚያፈላው። በደረቅ ክፍልና በኦርጋኒክ ፈሳሽ የምትሠሩ ግን፣ ሊቲየሙ መዳብ ላይ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ካለ መዳቡ አይስማማውም ማለት ነው። መዳቡን አስቀድማችሁ በስስ ብር ወይም ዚንክ ለብጡት። ሊቲየም ከእነሱ ጋር ይቀላቀላል፣ ወጥ ሆኖም መቀመጥ ይጀምራል።