የጋንዲን ችሎት በአንድ ክፍለ ጊዜ

የታሪክ ክበብ የፍርድ ቤት ጭውውት ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የሚመርጠው ሁለት አንደበተ ርቱዕ ጠበቆችን ነው። የሕንድ የነጻነት መሪ ጋንዲ በእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች የቀረቡበት ችሎት ላይ ይህ አይሠራም። ጠበቃ አላቆሙም፤ የእምነት ክህደት ቃላቸውን ሲጠየቁም «ጥፋተኛ ነኝ» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ቢሆንም ሙሉ ክርክር ይካሄድ ብሎ ነበር፤ ዳኛው አልተቀበሉትም። የቀረው ቅጣቱ ብቻ ነው፤ ጭውውቱም የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ችሎቱ መጋቢት 9 ቀን 1914 ዓ.ም. እኩለ ቀን ላይ በሕንዷ ከተማ አሕመዳባድ ተሰይሞ በ100 ደቂቃ ገደማ አልቋል። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲገባ ለክሱና ለቃሉ 4፣ ለዐቃቤ ሕጉ 5፣ ለጋንዲ መግለጫ 10፣ ለፍርዱ 6፣ ለውይይት 15 ደቂቃ ይመደብ። ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ከደበደበ ተናጋሪ አይሰማምና የጠዋት ክፍለ ጊዜ ይሻላል።

ተናጋሪ አምስት ይበቃል፦ ዳኛ ብሩምፊልድ፣ ዐቃቤ ሕግ ስትራንግማን፣ ጋንዲ፣ አብሮ የተከሰሰው አሳታሚ ሻንካርላል ባንከር፣ ክስ አንባቢ። ክፍሉ ስልሳ ተማሪ ቢሆንም ሌላው ታዳሚ ነው፤ ጋንዲ ሲገቡ ግን ሁሉም ብድግ ይላል።

ክሱ አጭር ነው፦ በጋንዲ ጋዜጣ «ያንግ ኢንዲያ» ላይ በወጡ ሦስት ጽሑፎች በቅኝ ገዥው መንግሥት ላይ ጥላቻ ማነሳሳት፣ የሕንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 124ሀ። ጋንዲ ከሳምንት በፊት ሥራቸውን ሲጠየቁ «ገበሬና ሸማኔ» ብለው ነበር። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጠገብ ላደገ ተማሪ ልብሱ ራሱ ክርክር መሆኑን ንገሩት፤ የለበሱት የእንግሊዝን የፋብሪካ ጨርቅ ለመቃወም በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ነጭ ሽርጥ ነው። ጋቢ አይሆንም፣ ይወፍራል። ነጠላ ከነጭ ቁምጣ በላይ ታጥፎ ወገብ ላይ በሁለት መርፌ ቁልፍ ይያዝ። ያለዚያ ልጁ ሲነሳ ይፈታል፤ ክፍሉ ከሳቀ ደግሞ ችሎቱ አይመለስም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መግለጫው ነው። ተማሪው ሰልፍ ላይ ያለ ይመስል ይጮኻል። ጋንዲ የተናገሩት በትሕትና ነው፦ ዳኛው ሕጉ ክፉ መሆኑን ካመኑ ሥራቸውን ይልቀቁ፣ ካላመኑ ከባዱን ቅጣት ይፍረዱ። ይህ ከተባለ በኋላ አምስት ሰከንድ ዝም ይባል። ስትራንግማንም ጅል አይሁን፤ በጥር ቻውሪ ቻውራ በተባለች ቦታ ፖሊሶች በተቃዋሚ ሰልፈኞች ከነጣቢያቸው መቃጠላቸውን ያንሳ፣ ጠንካራ ነጥብ ነው።

ዳኛው ሲገቡ ለተከሳሹ እጅ ነስተዋል። እኛ ጋ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ተማሪ ዳኛውን «አንተ» ካስባላቸው ያ ሁሉ ይጠፋል፤ «እርስዎ» ይበሉ። ፍርዱ ስድስት ዓመት ቀላል እስራት ነው፤ በ1900 ዓ.ም. በሌላው የነጻነት ታጋይ በቲላክ ላይ የተፈረደውን ያህል መሆኑን ዳኛው ይጥቀሱ። መንግሥት ቢቀንሰው ከእኔ በላይ የሚደሰት የለም ማለታቸውም አይዘለል። ባንከር አንድ ዓመትና 1000 ሩፒ መቀጮ።

ውይይቱን «ጥፋተኛ ናቸው ወይ?» ብላችሁ አትክፈቱ፣ ተመልሷል። «ዳኛው መልቀቅ ነበረባቸው?» በሉ። ጋንዲ በ1916 ዓ.ም. ከትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና በኋላ መለቀቃቸውን ደወሉ ሊደወል ሲል ንገሯቸው፤ ቀድሞ ከተነገረ የዳኛው ጥያቄ ይቀልባቸዋል።