የጀጎል ሥዕላችሁ ዝርግ ሆኖ ሲያስቸግራችሁ

የጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን የድሮዋን ሐረር፣ ጠባብ መንገድ ሳላችሁ። መስመሩ ልክ ነው፣ በሮቹ ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ሥዕሉ ግን ወረቀት ላይ ተለጥፎ ቀረ። ብዙ ሰው ወዲያው ላጲስ ያነሳል። ቆይ፣ መስመሩን ተዉት፣ መጀመሪያ ጥላውን እዩ።

ችግር፦ መንገዱ ጥልቀት የለውም

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ግራና ቀኙ ግንብ ተመሳሳይ ይሆናል፣ ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል። ሐረር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ይብሳል፤ 6 ሰዓት ላይ የቆመ ሰው ጥላው እግሩ ስር ይገባል። በመሃል ባሉት ወራት ደግሞ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፣ በቀሪው ጊዜ ወደ ሰሜን። ስለዚህ የጥር ፎቶና የሰኔ ንድፍ አንድ ሸራ ላይ አትቀላቅሉ፣ አይስማሙም።

መፍትሄ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ወይም ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። አንዱ ግንብ በርቶ ሌላው ይጨልማል፣ ጥላውም ድንጋዩንና ደረጃውን እየተከተለ እጥፍጥፍ ይላል። ወለሉ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ለዓይን የሚነግረው ያ እጥፋት ነው፤ ቀጥ አድርጋችሁ ከሳላችሁት ደረጃው የለም ማለት ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ የጥላውን ጠርዝ ገና ስትቀመጡ በእርሳስ ያዙት፣ ከዚያ ቢሸሽም አትከተሉት። ከተከተላችሁት አንድ መንገድ ላይ ሁለት ፀሐይ ትወጣለች።

ችግር፦ ጥላው ጥቁር ጉድጓድ መሰለ

ከስልክ ፎቶ ነው የሳላችሁት፣ አይደል? ካሜራው ለበራው ግንብ ሲያስተካክል ጥላው ውስጥ ያለውን ይውጠዋል። ቦታው ላይ ቆማችሁ ብታዩ ግን ጥላው ቀለም ሞልቶታል። ከላይ የሰማዩ ሰማያዊ ይገባበታል፣ ከፊት ለፊት ፀሐይ የመታችው ሮዝ ወይም አረንጓዴ ግንብ ብርሃኑን ይመልስበታል። መኪና ግርግር ወደሚባለው የጀጎል የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሂዱና ልብስ ሰፊዎቹ አጠገብ ቁሙ፤ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቀይ ጨርቅ አጠገቡ ያለውን ኖራ ግድግዳ እንዴት እንደሚያቀላው ታያላችሁ። ጥቁሩን ቱቦ አስቀምጡት። የግንቡን ቀለም በሰማያዊና በቡናማ አጨልሙ። ብቻ በነፀብራቁ አትወሰዱ፤ ያው ግንብ ጥላ ውስጥ ምንም ቢደምቅ ፀሐይ ላይ ካለው ወገኑ መብለጥ የለበትም።

(ጥላ ግዴታ ነው ማለቴ አይደለም። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ የላቸውም፣ ምንም አልጎደላቸውም። እናንተ ግን መንገዱን ሰው የሚገባበት ማስመሰል ፈልጋችኋል።)

ችግር፦ ግድግዳው ውስጥ ያለው መደርደሪያ ያበጠ መሰለ

በሐረሪ ቤት ውስጥ ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩትን መደርደሪያዎች ስትስሉ ያጋጥማል። ዓይናችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት ላዩ የጨለመውን ጎድጓዳ፣ ታቹ የጨለመውን እብጠት ያደርገዋል። ከበሩ የገባው ፀሐይ ወለሉን መትቶ ከታች ሲያበራ ግምቱ ይገለበጣል። መፍትሄው ውስጡ ዕቃ ማስቀመጥ ነው፦ የመደርደሪያው ጠርዝ ግማሹን የከለለው ሲኒ ይበቃል። ወለሉ ላይ ያረፈውን ብርሃንም አሳዩ፣ ተመልካቹ ምንጩን ይወቅ።

ችግር፦ ጀበናው ተንሳፈፈ

ጥላው ዙሪያውን እኩል ስለደበዘዘ ነው። ጀበናው መሬት የነካበት ቦታ ላይ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ስል መስመር አስገቡ፣ ከዚያ እየራቀ ይለስልስ። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፣ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ የምትሸፍን ክብ ናት፤ ጥላው ከጣለው ነገር 1 ሜትር ሲርቅ ጠርዙ ወደ 1 ሳንቲሜትር ይደበዝዛል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀለው ስፌትም ያው ነው። ግድግዳውን ከነካ ጥላው ስል ሆኖ ይጣበቅበት፣ ራቅ ብሎ ከተንጠለጠለ ጥላውን ወደ ጎን ገፋ፣ ጠርዙን ለስለስ አድርጉት።